ሰንበት «ጠባቂ» ወይስ ሰንበት «አጥባቂ»?

ጥያቄ፦ የጎንደር ቤተ እስራኤል ልጅ ነኝ፤ የምኖረው በእስራኤል ነው። እዚህ በዕብራይስጥ «ሾሜር ሻባት» የሚባለውን፣ የሰንበትን ሕግ የሚፈጽመውን ሰው በአማርኛ «ሰንበት ጠባቂ» ልበለው ወይስ «ሰንበት አጥባቂ»? እናቴ «ሰንበት ያከብራል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራትም።

መልስ፦ የሁለቱ ቃላት መደባለቅ ዘወትር ያበሳጨኛል። «ይጠብቃል» የሚለውን «ብ»ን አጥብቀን ብናነበው ዘበኛ በር ላይ ቆሟል፤ አላልተን ብናነበው ገመድ ተወጥሯል። «ጠባቂ» ከፊተኛው፣ «አጥባቂ» ከኋለኛው ይወጣል። የቃላቱ ሥር አንድ ስለሆነ ቢለዋወጡ ግድ የለም የሚሉ አሉ። ሥሩ አንድ ቢሆን እንኳ ተቃራኒዎቹን ይመልከቱ፦ ሰንበትን ያልጠበቀ «ሻረ» ይባላል፤ ያላጠበቀ ግን ቢበዛ «አላላ» ይባላል እንጂ ሻረ አይባልም።

«ሾሜር»ን በትክክል የሚተካው «ጠባቂ» ነው። ዘጸአት 20፥8 የሰንበትን ቀን «አስብ» ሲል ዘዳግም 5፥12 «ጠብቅ» ይላል፤ የዕብራይስጡ «ሾሜር»ም የወጣው በዚያ ቦታ ከሚገኘው ግሥ ነው። ከጥያቄው ብወጣም ሳልናገር የማላልፈው፣ «ሰንበት» የሚለው ስም ራሱ የመጥበቅና የመላላት ታሪክ ያለው መሆኑን ነው፤ የ«ሻባት» ጥብቅ «ባ» ወደ ግእዝ ሲደርስ ላልቶ፣ ከፊቱ «ን»ን አስቀደመ። «ደኅና ሰንብቱ» የምንልበት «ሰነበተ»ም የዚሁ ስም ልጅ ነው።

ማስረጃው ይህ ሆኖ ሳለ ጆሮዬ «ጠባቂ»ን አይወድም። ረቡዕ ዕለት አንድ ሰው «ሰንበትን እጠብቃለሁ» ቢለኝ፣ ቅዳሜ እስኪደርስ የቸኮለ ይመስለኛል።

«አጥባቂ» ደግሞ ሌላው ከሚያደርገው አልፎ የሚያከር ሰው ነው። በቤተ እስራኤል ዘንድ ዓርብ ጀንበር ሳትጠልቅ ምግቡ ተሰናድቶ እሳቱ ሲጠፋ፣ ቅዳሜ ውኃ ሳይቀዳ፣ የቀዘቀዘው ሲበላ፣ ይህ የመንደሩ ሁሉ ሕግ ነበር፤ ማንም ከጎረቤቱ አብልጦ አላጠበቀም። ስለዚህ እናትዎ «ያከብራል» ማለታቸው የቃል እጦት አይደለም፤ እኔም «ሰንበት አክባሪ»ን እመርጣለሁ።

ይሁንና «ወግ አጥባቂ» እና «ሃይማኖት አጥባቂ» በጋዜጦቻችን ሥር ሰድደዋል፤ «ሰንበት አጥባቂ»ም እነርሱን ተከትሎ ገብቷል። ልጆችዎ ቢሉት ስሕተት ነው ብዬ አልፈርድባቸውም፤ እኔ ግን አልጽፈውም።