«ፋብሪካ ይቅር» ያለው ዓሣ አጥማጅ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዶርም አብሮኝ ያለው ልጅ ፔንቲ ሊንኮላ የሚባል ፊንላንዳዊ ማንበብ ከጀመረ ወዲህ ሰላም የለንም። ፋብሪካና መኪና ምድርን እየገደሉ ነው፣ ይቁሙ ይላል። እኔን የምታስተምረኝ እህቴ ደግሞ እዚሁ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። ሰውየው እውነቱን ነው እንዴ?
ተማሪ፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ መጀመሪያ የሚገባውን ልስጠው፤ ሰውየው ወሬ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1932 ሄልሲንኪ ተወለደ። አባቱ የታወቁ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበሩ። እሱ ግን ዩኒቨርሲቲውን ጥሎ ወፍ ሲያጠና፣ ዓሣ ሲያጠምድ ኖረ። ያጠመደውንም በፈረስ ጋሪ እያዞረ ይሸጥ ነበር። በ1995 ያቋቋመው ድርጅት ጥንታዊ ደኖች እንዳይቆረጡ እየገዛ ያስጠብቃል። ሊንኮላ በ2020 ቢሞትም ሥራው አልቆመም።

ክርክሩ ቀላል ነው። ምድር ወሰን አላት፤ ኢንዱስትሪ ግን ዛሬ ከትናንት ካልጨመረ ከሰርኩ ባይ ነው። ይሄ ለሀዋሳ ሰው አይጠፋውም። ከሐይቃችን የሚወጣ ወንዝ የለም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይዞት የገባው ቆሻሻ ውሃው ሲተን እዚያው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ የተጠቀመበትን ውሃ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ሆኖ መሠራቱ ያለ ነገር አይደለም።

የምንለያየው መፍትሔው ላይ ነው። ሊንኮላ የሰው ቁጥር በግድ ይቀነስ፣ ዴሞክራሲ ይቅርና አምባገነን ይግዛ አለ። ጀልባው ሲሞላ፣ የሚንጠለጠሉትን ሰዎች እጅ እስከ መቁረጥ የሚደርስ ምሳሌ አለው። እሺ፣ የማን እጅ? የእህትህ? እሱ ከምሁር ቤት ወጥቶ ድህነትን መረጠ። እሷን ማን አስመረጣት?

ደግሞ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሂድና ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እይ። ለማነሱ ፋብሪካ ብቻውን አይከሰስም። ዓይኑ የጠበበ መረብ ጫጩቱን ሳይቀር ጠርጎ ያወጣል። በመቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ፣ በእጅ የሚጎተት መረብ፤ ልክ ሊንኮላ የሚወደው ዓይነት ኑሮ ነው። ሐይቅ ግን ይጨርሳል። ጓደኛህ «መረቡም የፋብሪካ ናይለን ነው» ይልህ ይሆናል። ይበል፣ ግማሽ እውነት አለው። የመረቡን ዓይን ማስፋት ግን አጥማጆቹ ተቀምጠው ካልተስማሙበት አይሆንም። አምባገነን ቢያዝ፣ በሌሊት የሚጣለውን መረብ ማን ያያል?

ጠዋት ጓደኛህን ይዘኸው ውረድና አጥማጆቹን ይጠይቃቸው። እህትህ ግን ከፈረቃ ስትመለስ ይሄን ክርክር እንዳታነሱባት፤ መጀመሪያ ትብላ።