ከተማ ሳይፈርስ ስሩ እንዴት ይቆፈራል? ለጅማስ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ጅማ ውስጥ ባጃጅ ነው የምነዳው። ካይሮ የምትሠራ እህቴ ሰሞኑን በቪዲዮ ደውላ ሜትሮ የሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ውስጥ ሆና አሳየችኝ፣ ከላዬ ፎቅ በፎቅ ነው ስትለኝ ግራ ገባኝ። ቤቶቹ ሳይወድቁ ስራቸውን እንዴት ነው የሚቆፍሩት? የአዲስ አበባውስ ለምን ከላይ ሆነ? ለጅማስ አንድ ቀን ይታሰብላት ይሆን?
ባጃጅ ነጂው፣ ከጅማ

መልስ፦ ወንድሜ ጥያቄህ በጣም ደስ ብሎኛል፣ እኔም ያደግኩት እዛው ጅማ አዌቱ ወንዝ አጠገብ ስለሆነ ጉዳዩ የራሴም ነው።

አቆፋፈሩ በዋናነት ሁለት አይነት ነው። አንደኛው መንገዱን ከላይ ቆፍረህ ግድግዳና ጣሪያ በኮንክሪት ሠርተህ አፈሩን መልሰህ መድፈን ነው፣ ለንደን እ.ኤ.አ በ1863 የዓለምን የመጀመሪያ የምድር ውስጥ ባቡር የከፈተችው እንደዚህ አድርጋ ነው፣ ያኔ ባቡሩ በእንፋሎት ነበር የሚሄደው ጭሱም እዛው ዋሻው ውስጥ። ችግሩ ግን ሥራው እስኪያልቅ ሰፈሩ ይታመሳል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ መኪና አያልፍም።

ሁለተኛው ነው አንተን ግራ ያጋባህ። ብሩኔል የሚባል መሐንዲስ ነበር፣ የመርከብ እንጨት የሚበላ ትል እየበሳ ሲሄድ ከኋላው ያለውን ቀዳዳ እየለሰነ እንደሚያጠነክረው አይቶ ከዛ ነው ሐሳቡን ያገኘው ይባላል። በብረት ጋሻ ውስጥ ሰዎች ቆመው ፊት ለፊት በጥቂት በጥቂቱ እየቆፈሩ ከኋላ በጡብ እየገነቡ በቴምስ ወንዝ ስር አለፉ፣ 400 ሜትር እንኳ ለማይሞላ ዋሻ እ.ኤ.አ ከ1825 እስከ 1843 ፈጀባቸው፣ ወንዙም ደጋግሞ ገብቶባቸዋል። የዛሬው ማሽን የዛ ጋሻ ልጅ ነው፣ ፊቱ እየተሽከረከረ አፈሩን ይፍቃል፣ ከኋላ ተገጣጣሚ የኮንክሪት ቀለበት ይገጥማል፣ በቀለበቱና በአፈሩ መሃል የቀረችውን ክፍተት ወዲያው በሲሚንቶ ብጥብጥ ይሞላታል። ቤቱ የማይወድቀው ለዚህ ነው በቃ፣ አፈሩ ለአፍታም ድጋፍ አያጣም። ከላይ ያሉት ሕንፃዎች ላይም መለኪያ ይገጠማል፣ ሚሊሜትር እንኳ ሲሰምጡ ይታወቃል።

ዋናው ጣጣ ውሃ ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ በሐምሌ ሽንት ቤት አስቆፍሮ ነበር፣ ቆፋሪው ገና እስከ ደረቱ ሲገባ ከስር ውሃ መንጨት ጀመረ፣ በባልዲ ቢያወጡት ቢያወጡት ይመለሳል፣ ጠዋት ስንነሳ ጉድጓዱ በጎን ተንዶ ጭቃው ጠርዝ ድረስ ሞልቶ የቆፋሪው አካፋ እጀታ ብቻ ነው የሚታየው። ጥር ላይ ነው እንደገና ተቆፍሮ ጎኑ በድንጋይ የተገነባው። ካይሮም ከአባይ ዳር ያለች ስለሆነች ያው ችግር ነበረባት፣ ሁለተኛው መስመር ጭራሽ በአባይ ስር ነው የሚያልፈው፣ ለዛም ፊቱ ላይ የጭቃ ብጥብጥ በግፊት ይዞ ውሃውን የሚያግድ ማሽን ነው የተጠቀሙት።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ እ.ኤ.አ በ1987 የተከፈተው የካይሮ አንደኛው መስመር፣ የአፍሪካ የመጀመሪያው ሜትሮ ማለት ነው፣ አብዛኛው ከመሬት በላይ ነው! ከደቡብና ከሰሜን ድሮ የነበሩ የባቡር መስመሮችን መሃል ከተማ ላይ በዋሻ አገናኟቸው፣ ከ35ቱ ጣቢያ ምድር ስር ያሉት 5 ብቻ ናቸው። እዛ የደረሱት ሀዲዱ የሚያልፍበት መሬት አስቀድሞ ስለነበራቸው ነው።

የአዲስ አበባው ደግሞ ከገንዘብ ጋር ነው የሚያያዘው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር 34 ኪሎሜትር ገደማ በ475 ሚሊዮን ዶላር ነው የተሠራው፣ አብዛኛው በቻይና ብድር። ምድር ስር ሲሆን አንድ ኪሎሜትር ብቻውን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ መፍጀቱ የተለመደ ስለሆነ በዛ ብር 5 ኪሎሜትር እንኳ አይወጣም ነበር። ለዛ ነው ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ብቻ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሌላው ከላይ የቀረው።

ጅማ እንግዲህ በ1999ኙ ቆጠራ 120 ሺህ ገደማ ሰው ነበራት፣ ከዛ ወዲህ ብታድግም ሜትሮ በሰዓት በአንድ አቅጣጫ 30 ሺህ ሰው እና ከዛ በላይ ለማመላለስ የሚሠራ ነገር ነው፣ ስለዚህ በኔና ባንተ ዕድሜ ዋሻ አይታየኝም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው፣ ከመርካቶ ወደ ዩኒቨርሲቲው፣ ወደ ኪቶ ፉርዲሳ የሚወስዱት መንገዶች ዳር ዛሬ ክፍት የሆነ ቦታ ነገ ግንብ ከቆመበት፣ ያኔ ባቡር ይቅርና ለአውቶብስ ብቻ የሚሆን መስመርም በካሳ እና በፍርስራሽ ካልሆነ አይገኝም። አሁን መሬቱ በፕላን ይያዝ፣ መጀመሪያ አውቶብስ ይግባበት፣ ሰው ከበዛ በኋላ ሀዲድ ይምጣ። የቱ ሰዓት ላይ የቱ ፌርማታ ሰው ተኮልኩሎ እንደሚቀር እንዳንተ የሚያውቅ የለም፣ የአንድ ሳምንቱን ደብተር ላይ መዝግበህ የከተማው ፕላን ላይ ሕዝብ ሲወያይ ይዘኸው ግባ፣ የትም አገር መስመር የሚሠመረው ከተሳፋሪ ቆጠራ ተነስቶ ነው።

እህትህንም ሰላም በላት፣ በአንደኛው መስመር ወደ ሄልዋን ስትሄድ ከሰዓድ ዘግሉል ጣቢያ በኋላ ባቡሩ ከዋሻው ወደ ብርሃን ሲወጣ በቪዲዮ ታሳይህ፣ ከዛ በኋላ ያለው ያ የድሮው መስመር ነው።