የሰሊጥ አጨዳ፦ መተማ ወይስ ገዳሪፍ?

እህቴ፣ «ወንድሜ ከደብረ ታቦር ለሰሊጥ አጨዳ ሊወርድ ነው፤ መተማ ይሥራ ወይስ ተሻግሮ ገዳሪፍ ይግባ?» ላልሽው፣ የሱዳን ጦርነት እስኪበርድ መተማ ይሥራ እላለሁ። በእኛ በኩልም መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳይነሣ እዚያው ያሉ ያገሩን ልጆች ይጠይቅ።

ሰፋፊ እርሻዎች ሑመራ ላይ ከተከፈቱበት ከ1950ዎቹ ወዲህ ደገኛው አባትም ልጅም ቆላ የሚወርደው ወሩ ስለሚገጥምለት ነው። የሰሊጥ አጨዳ መስከረምና ጥቅምት ነው፤ የቤቱ ጤፍ ደግሞ ኅዳር ላይ ይደርሳል።

ጠብ የሚነሣው በሒሳብ ነው። ኮንትራት ከያዘ መሬቱ በምን እንደሚለካ አስቀድሞ ይነጋገር። በእኛ በሄክታር፣ በሱዳን በፈዳን ነው፤ አንዱ ፈዳን 4,200 ካሬ ሜትር፣ ሄክታሩ ደግሞ 2.4 ፈዳን ገደማ ይሆናል። ዋጋው ለአጨዳ ብቻ ነው ወይስ ማሰሩንና ማቆሙንም ይጨምራል? ነዶው ሂላ ሆኖ፣ ማለትም እርስ በርሱ ተደጋግፎ ቆሞ፣ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል። «ፍሬው ከነዶው ሲራገፍ እከፍላለሁ» ያለ ባለሀብት ያን ሁሉ ቀን በራስ ቀለብ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ የአጨዳው ሒሳብ አጨዳው እንዳለቀ ይከፈል። የደረሰ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፣ የታችኛው ፍሬ ተሰንጥቆ ይረግፋል። ሠራተኛው ዋጋ ማስጨመር የሚችለው በዚያች ሰሞን ነው።

ገዳሪፍ መሄዱ ካልቀረ ክፍያውን በአሮጌው የ500 እና የ1,000 ፓውንድ ኖት አይቀበል፤ ሠራዊቱ በያዛቸው ግዛቶች በ2017 ዓ.ም. ተቀይረዋል።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ካላዛር ነው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ቀን ቀን በዋልካው ንቃቃትና በግራር ሥር ተሸሽጎ ሌሊት ይነክሳል። ደገኛ ደግሞ በሽታውን የሚቋቋምበት አቅም የለውም። ወንድምሽ ከግራር ሥር አይተኛ፤ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ይያዝ፣ ያልተነከረውን ዝንቡ በቀዳዳው ያልፈዋል።

በሽታው ብዙ ጊዜ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ ሰው ቤቱ ከገባ ወዲያ ነው። ስለዚህ እንደ ወባ ወይም ታይፎይድ እየታከመ ጊዜ ያልፋል። ትኩሳት ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰውነት ከከሳና ግራ ጎን ጣፊያው ካበጠ፣ ሐኪሙ ባይጠይቀውም «መተማ ወርጄ ነበር» ብሎ ይናገር። ካልታከመ ይገድላል፤ መደበኛው ሕክምና የ17 ቀን መርፌ ነው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ይሰጣል።