«እንደ» ሲበዛ

ጥያቄ፦ ስለ ቡና ለቀማ አንድ ገጽ ጽፌ ለጓደኞቼ ባስነብባቸው «ያምራል፤ ግን ምንም አይታየንም» አሉኝ። መግቢያው ይህ ነው፦ «ጠዋቱ እንደ ገነት ያማረ ነው። ነፋሱ እንደ ሙዚቃ ያዜማል። ቀዩ ቡና እንደ እሳት ይነዳል፤ እንደ ከዋክብትም ያበራል።» ምን ላስተካክል? (ከጅማ)

መልስ፦ በሦስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት «እንደ» አለ። ብዛቱ ያደክማል፤ ዋናው ጉዳት ግን ሌላ ነው። አነጻጻሪ ዘይቤ የሚሠራው ያልታየውን በታወቀው ሲያሳይ ነው፤ ገነትን ያየ አንባቢ ደግሞ የለም። እሳቱን በዓይነ ሕሊናው ሳያቀጣጥል ከዋክብቱ ሲመጡበትም ሁለቱም ይደበዝዙበታል። ለአንድ ነገር አንድ ሥዕል ይበቃል። ሙዚቃ ደግሞ ራሱ አያዜምም፤ የሚያዜመው ሰው ነው።

ማነጻጸሪያ ከመፈለግዎ በፊት ግሱን ይፈትሹ። አማርኛ ከ«አለ» ጋር በሚሄዱ ግሶች ባለጸጋ ነው፦ ሽው አለ፣ ቦግ አለ፣ ጠብ አለ። «ነፋሱ ሽው ሲል ጤዛው ከቅጠሉ ጠብ ጠብ አለ» ቢሉ፣ ያለ አንዲት «እንደ» ይሰማል፤ ይታያልም።

ማነጻጸሪያ የግድ ሲያስፈልግ እጅዎ ከነካው ነገር ይውሰዱ። ቡና ወደተሰጣበት አልጋ ይሂዱና እፍኝ ጀንፈል (ከነቅርፊቱ ያለ ቡና) ዘግነው ጆሮዎ አጠገብ ያናውጡት። በደንብ ከደረቀ ፍሬው ቅርፊቱ ውስጥ ይንኳኳል። አሁን ይህን ይጻፉ፦ «አያቴ ዝምተኛ ናቸው፤ ግን እንደ ደረቀ ጀንፈል፣ ነካ ሲያደርጓቸው ውስጣቸው ይንኳኳል።» ውጩ ጸጥ ብሎ ውስጡ መንቀሳቀሱ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። «እንደ»ን አውጥተው «አያቴ ደረቅ ጀንፈል ናቸው» ካሉ ግን ተለዋጭ ዘይቤው ይከዳዎታል፤ «ደረቅ» ለሰው ሲነገር ግትር ማለት ነውና አንባቢው አያትዎን ይቀየማቸዋል። በተለዋጭ ዘይቤ ሲጽፉ የቃሉን ሌላ ትርጉም ሁሉ አስቀድመው ይመርምሩ።

ሰውኛ ዘይቤን፣ ማለትም ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ድርጊት መስጠትን፣ ይቆጥቡ። የአዌቱ ወንዝ በክረምት «አጉረመረመ» ቢሉ ድምፁ ይመሰክርልዎታል፤ «አለቀሰ» ካሉ ግን ለምን እንዳለቀሰ ጽሑፉ መመለስ አለበት።

መግቢያዎን እንዲህ ይሞክሩት፦ «ገና መንጋቱ ነው። ነፋሱ ሽው ሲል ጤዛው ከቅጠሉ ጠብ ጠብ ይላል። ቀዩ ፍሬ ቅርንጫፉን እንደ ጨሌ ከቦታል።» ጨሌው የተመረጠው በቀለምም በአደራደርም ፍሬውን ስለሚመስል ነው። ከዚህ በኋላ እስከ አንቀጹ መጨረሻ ሌላ «እንደ» አይጨምሩ።