ጥርሷን እየታጠበች ለምን ይቦረቦራል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የ6 ዓመት ልጄ ጥርሷ እየተቦረቦረ አለቀ። ማታ ማታ ትታጠባለች፤ ከረሜላም አላበዛባትም። አፏ ይደርቃል፣ ዳቦ ያለ ውሃ አይወርድላትም። ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ከጆሮዋ ሥር አብጦባት ነበር፤ ጎረቤቶቼ «ጆሮ ደግፍ ነው» ይሉኛል። ለአለርጂ ደግሞ ማታ ሽሮፕ ትወስዳለች። የምራቅ ዕጢ ችግር ጥርስ ያበላሻል እንዴ?

መልስ፦ አዎ፣ ያበላሻል። ጣፋጭ በበላን ቁጥር አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አሲድ ያመርታሉ። ምራቅ አሲዱን ያጥባል፣ ኃይሉንም ይሰብራል። ከጥርሱ የሟሟውን ካልሲየምና ፎስፌትም መልሶ ይተካል። ምራቅ ሲያንስ ይህ ጥገና ይቀራል።

እስቲ የታች የፊት ጥርሶቿን ይዩልኝ። ምራቅ ከምላስ ሥር ስለሚፈልቅ እነሱ ዘወትር እርጥብ ናቸው። ጡጦ እየጠቡ የሚያድሩ ልጆች እንኳ የላይኛው ሲበላሽባቸው የታችኛው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። የእሷ የታችኞቹም ከተበሉ ጥርጣሬዬ ከከረሜላው ወደ ምራቁ ይዞራል።

ጆሮ ደግፍ አንዴ የያዘውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይደግመውም። በዓመት ሦስት ጊዜ ካበጠ ልጆች ላይ የሚመላለስ የምራቅ ዕጢ ብግነት ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹን ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ሲደርሱ ይተዋቸዋል። ሐኪም ግን ሊያያት፣ ዕጢውም በአልትራሳውንድ ሊታይ ይገባል። ትኩሳት ካለ ወይም አፏ ውስጥ መግል ከታየ አይቆዩ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሽሮፑ ነው። የቆዩት የአለርጂ መድኃኒቶች አፍ ያደርቃሉ። እንቅልፍ ላይ ምራቅ እንደሆነ በራሱ ይቀንሳል። ብዙ ሽሮፕ ደግሞ ስኳር አለው። ሦስቱ በአንድ ሌሊት ሲገናኙ አስቡት! በራስዎ አያቋርጡት፤ ያዘዘውን ሐኪም ሌላ አማራጭ ይጠይቁ። እስከዚያው ሽሮፑን ቀድመው ይስጧትና ከዚያ ጥርሷን ትታጠብ። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና፣ የአተር ፍሬ ታህል፣ ጠዋትና ማታ። ትትፋው እንጂ በውሃ አትጉመጥመጥ። ቧንቧው በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈርም ይመቻል።

ቀን ቀን ውሃ ቶሎ ቶሎ ትጎንጭ፤ ስኳር ያለው ሻይ ግን ከመኝታ በፊት ይቅር። የጥርስ ሐኪሙ ጥርስ ላይ የሚቀባ ፍሎራይድ ሊያደርግላት ይችላል። ስትሄዱ የሽሮፑን ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስለ እብጠቱም ሳይጠየቁ ይንገሩት። ጥርስ ሊያስሞላ የመጣ ወላጅ ስለ ጆሮ ሥር ማንሳት ትዝ አይለውም።