መንገድ ለሌለበት ርቀት ስንት ይጻፍ?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ዱቄት ለሚያከፋፍል አጎቱ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፕሮግራም የሚሠራ ወጣት እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ በሰሜን ሸዋ ከተሞች መካከል አጭሩን መንገድ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፍኩ። ቀጥታ መንገድ በሌላቸው ከተሞች መካከል ኢንቲጀር (ኢንት፣ የሙሉ ቁጥር ዓይነት) የሚይዘውን ትልቁን ቁጥር አስገባሁ። ከአንኮበር መሐል ሜዳ ስጠይቀው −2147483609 ኪሎ ሜትር አለኝ። በ9999 ስተካው ተስተካከለ። እንዲሁ ልተወው?»

አትተወው፣ ወንድሜ። መጀመሪያ ግን ያ አሉታዊ ቁጥር ከየት እንደመጣ እንይ። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንተም 40 ብለህ ሞልተኸዋል። ወደ መሐል ሜዳ የሚኬደው በጣርማ በር በኩል ስለሆነ፣ በርቀት ሰንጠረዥህ ላይ ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ የሚለው ሳጥን ውስጥ 2147483647 ተቀምጧል። ፕሮግራምህ ሁለቱን ደመረ። የጃቫ ኢንት 32 ቢት (የ0 ወይም የ1 ቦታ) ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ መያዝ አይችልም፤ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ሲሞላ ይዞርና ከአሉታዊው ጫፍ ይጀምራል። ከድምሩ፣ ከ2147483687 ላይ፣ የቆጣሪውን ሙሉ ዙር 4294967296ን ቀንስ፣ ያንተው ቁጥር ይወጣል። ፕሮግራሙ የሚፈልገው ትንሹን ነውና ያንን «ከሁሉ የሚያጥር መንገድ» ብሎ ያዘው። ጃቫ ስለሆነ ቢያንስ መነሻው የሚታወቅ ስህተት አገኘህ። በሲ ፕላስ ፕላስ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚመጣ ቋንቋው ራሱ ዋስትና አይሰጥህም።

አሁን 9999። የሚሠራው በኪሎ ሜትር እስካሰብክ ድረስ ነው። ነገ መረጃውን በሜትር ብትሞላው ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ያለው 60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ 60000 ይሆናል፤ የሌለው መንገድ ግን 9999 እንደሆነ ይቀራል። መኪናው በሌለ መንገድ ይላካል፣ ፕሮግራሙም አንድም የስህተት መልእክት አያወጣም። እኔ ከአሉታዊው ቁጥር ይልቅ የምፈራው ይህንን ነው፤ አሉታዊው ቢያንስ ዓይን ይወጋል። −1 አድርገው የሚጽፉም አሉ፤ ትንሹን ለሚፈልግ ፕሮግራም ከዚህ የባሰ ምርጫ የለም።

መፍትሔው ሰንጠረዡን ወደ ደብል (ነጥብ ያለውንም ቁጥር ወደሚይዘው የ64 ቢት ዓይነት) ቀይሮ፣ መንገድ በሌለበት ሁሉ የደብልን ፖዚቲቭ ኢንፊኒቲ (አዎንታዊ ወሰን የለሽ) ማስቀመጥ ነው። ይህ ትልቅ ቁጥር ብቻ አይደለም። አይ ትሪፕል ኢ 754 የሚባለው፣ ኮምፒውተር ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች የሚይዝበት የ1985 እ.ኤ.አ. ስታንዳርድ ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥቶታል፦ ከ64ቱ ቢቶች 1 ለምልክት፣ 11 ለኤክስፖነንት (ለአርቢው)፣ 52 ለቀሪው ነው፤ 11ዱ በሙሉ 1፣ 52ቱ በሙሉ ዜሮ ሲሆኑ ኢንፊኒቲ ይባላል። 40 ብትደምርበት ያው ኢንፊኒቲ ነው። በሜትር ሆነ በብር ብታሰላ ከማንኛውም ተራ ቁጥር ይበልጣል። «ደብል ኪሎ ሜትሬን ያዛባብኝ ይሆን?» ብለህ አትስጋ፤ ሙሉ ቁጥሮችን እስከ 9007199254740992 ድረስ ሳያዛንፍ ይይዛል።

ጣጣ የለውም ማለት ግን አይደለም። መደመርና ማነጻጸር ላይ ችግር የለም፣ አደጋው መቀነስና ማባዛት ላይ ነው። ኢንፊኒቲ ከኢንፊኒቲ ሲቀነስ፣ ወይም በዜሮ ሲባዛ ናን ይወጣል፤ ቁጥር ያልሆነ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ይህ ነው፦ መንገድ ካለ 0፣ ከሌለ 1 የሚል ሰንጠረዥ ይሠሩና በአንድ መስመር እንዲያልቅ ሁሉንም በኢንፊኒቲ ያባዙታል። መንገድ ያለባቸው ሳጥኖች በሙሉ ናን ይሆናሉ። ናን ደግሞ ከምንም ጋር ቢነጻጸር፣ ከራሱም ጋር ቢሆን፣ «ያንሳል፣ ይበልጣል፣ እኩል ነው» ለሚለው ሁሉ መልሱ ሐሰት ነው። ስለዚህ «ይህ ከያዝኩት ያንሳል?» የሚለው መስመር ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ አንዴ የያዝከው ናን ከሆነ ደግሞ ምንም ነገር አይተካውም። ሰንጠረዡን በማባዛት ሳይሆን በኢፍ («እንዲህ ከሆነ» በሚለው ትእዛዝ) ሙላው።

የግድ በኢንት ልቆይ ካልክ የጣሪያውን ግማሽ፣ 1073741823ን ተጠቀም። ሁለቱ ተደምረው 2147483646 ስለሚሆኑ ልክ ይገባሉ። ይህ የሚያገለግለው ግን ርቀቶቹ ሁሉ ዜሮ ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ብቻ ነው። አጎትህ በመልስ ጉዞ የሚያገኘውን የጭነት ገቢ እንደ አሉታዊ ወጪ ብታስገባ፣ ከ1073741823 ላይ 500 ተቀንሶ «መንገድ አለ፣ ዋጋው 1073741323 ነው» ይልሃል።

ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ለመሄድ ካሰብክ አንድ ወጥመድ ልንገርህ፦ ለኢንት ኢንፊኒቲ ስጠኝ ብትለው ሳያጉረመርም 0 ይሰጥሃል። ጃቫም የራሱ አለው። የደብል ሚን ቫልዩ የሚለው ትንሹ አሉታዊ ቁጥር ይመስላል፣ እውነቱ ግን ከዜሮ በላይ ያለው ትንሹ አዎንታዊ ነው። ትልቁን ዋጋ ስትፈልግ መነሻህን ኔጋቲቭ ኢንፊኒቲ አድርግ።

የቀረው ውጤቱን ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ኢንፊኒቲን በጃቫ ወደ ኢንት ብትመልሰው ያው 2147483647 ሆኖ ይመጣል፣ ናን ደግሞ 0 ይሆናል፤ 0 ኪሎ ሜትር ያየ ሾፌር ደርሻለሁ ሊል ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከመቀየርህ በፊት ኢዝ ኢንፊኒት በሚለው ሜተድ ፈትሽና ስክሪኑ ላይ «መንገድ የለም» ብለህ ጻፍ። በጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ በሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ወደ ሞባይል አፕ የምትልከው ከሆነም ናል (ባዶ) አድርገው፤ በጄሰን ደንብ ኢንፊኒቲ የሚባል ቁጥር የለም።