የሆያ ሆዬ ብሩን በአንድ ቀን ለሚጨርስ ልጅ

ገንዘቡን አይውሰዱበት። የዘጠኝ ዓመት ልጅዎ ለቡሄ ያገኘውን ብር በማግስቱ በከረሜላና በፕላስቲክ መጫወቻ መጨረሱ ቢያናድድም፣ በየደጁ ጨፍሮ ያገኘው የራሱ ነው። ቢቀሙት የሚማረው መደበቅን ብቻ ነው።

ለሚቀጥለው ቡሄ እንዲህ ያድርጉ፦

1. ብሩን ራሱ ይቁጠረው። ጥቂቱን ለዕለቱ ይያዝና የቀረውን በሚያየው ቦታ፣ በጠርሙስ ውስጥ ያስቀምጥ።

2. የሚፈልገው ኳስ ከሆነ ሁለት ሦስት ሱቅ ይውሰዱት፤ ዋጋውን ራሱ ይጠይቅ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ኳሱን ጨብጦ ስፌቱን ሲያገላብጥ፣ ያኛው ለምን እንደረከሰ ባለሱቁን ሲጠይቅ፣ ማሰብ የሚጀምረው ያኔ ነው። መልሱን እርስዎ አይንገሩት።

3. ግዢው እስከ እንቁጣጣሽ ይቆይ። ከነሐሴ 13 እስከ መስከረም 1 ያለው ጊዜ ከሦስት ሳምንት ብዙም አይበልጥም፤ የአበባ ሥዕል አዙሮ የሚያገኘውም ይጨመርለታል። ያን ጊዜም ፍላጎቱ ካልበረደ፣ እርስዎ ባይወዱትም ይግዛ።

ደጋግሜ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገርዎት፦ «ለታክሲ ዝርዝር አጣሁ» ብለው ከጠርሙሱ አይበደሩ። አንዴ ሳይመለስለት የቀረ ልጅ ገንዘቡን ቶሎ ካልጨረሰው የሚወሰድበት ይመስለዋል። የግድ ከሆነ አስፈቅደው ይውሰዱ፣ በዚያው ዕለት ማታም ይመልሱ።